ይድነቃቸው ተሰማና የጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ድል

ሰው ካለፈ በኋላ ስሙ ሲነሣ የሚኖረው ባከማቸው ሀብት ወይም በተቀበለው ማዕርግ ብዛት አይደለም፤ ለወገኑ ሠርቶ ባቆመለት ነገር ነው። አንዳንዱ በጦር ሜዳ፥ አንዳንዱ በብራናና በቀለም፥ አንዳንዱም በእርሻና በንግድ ሀገሩን አገልግሎ ያልፋል። በኳስ ሜዳ ሀገሩን አገልግሎ፥ ከሜዳም ከወጣ በኋላ በዓለም ሸንጎ ላይ ቆሞ ስለ መላው አፍሪካ ክብር የተከራከረ ሰው ግን እጅግ ጥቂት ነው። ከነዚህ ከጥቂቶቹ መካከል ስማቸው በግንባር ቀደምትነት የሚጠራው አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው የኚህን ሰው የሕይወት ታሪክ ሲሆን፥ በተለይም የኢትዮጵያ ቡድን የአፍሪካን ዋንጫ ያገኘበትን የመጨረሻ ጨዋታ ሰፋ አድርገን እንመለከታለን።

ትውልድና አስተዳደግ

አቶ ይድነቃቸው የተወለዱት መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም.፥ በዕንቁጣጣሽ ዕለት፥ በጅማ ከተማ ነው። አባታቸው በቅኔ አዋቂነታቸውና በዘፈናቸው በሀገሩ ሁሉ የታወቁት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ነጋድራስ ተሰማ ወደ ጀርመን ሀገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ካስቀረጹት ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አንዱ ናቸው። አባት በቃልና በዜማ የተካኑ ሲሆኑ፥ ልጅ ደግሞ መጀመሪያ በእግር፥ ኋላም በአንደበት የተካኑ ሆኑ።

በዚያ ዘመን የሀገራችን ወጣት ጨዋታ የማያውቅ አልነበረም። በየሜዳው በቆልማማ ዱላ እየተሻማ ጥንግ የሚመታበት ገና፥ በፈረስ የሚሮጥበት ጉግስ፥ ትግልና ዝላይ ከጥንት ጀምሮ ነበሩት። የአውሮፓው እግር ኳስ ግን አዲስ አበባ የገባው በአብዛኛው በውጭ ሀገር ሰዎች እጅ ነበር፤ አርመኖችና ግሪኮችም በየማኅበራቸው ይጫወቱት ነበር። ኢትዮጵያውያን ወጣቶች የራሳቸውን ቡድን ቅዱስ ጊዮርጊስ ብለው ያቋቋሙት በታኅሣሥ ወር 1928 ዓ.ም. ሲሆን፥ ይህም የፋሺስት ኢጣልያ ጦር ሀገራችንን መውረር በጀመረ በሦስተኛው ወር መሆኑ ነው። የ14 ዓመቱ ልጅ ይድነቃቸውም ብዙ ሳይቆይ ከዚህ ቡድን ጋር ተቀላቀለ።

ከዚህ በኋላ የመጡት አምስት የወረራ ዓመታት በኳስ ሜዳም ሳይቀር መራራ ነበሩ። ወራሪው መንግሥት ሰውን በቀለሙ ለይቶ የሚያስተዳድር ስለ ነበረ፥ ኢትዮጵያውያኑ ከነጮቹ ቡድኖች ተለይተው እርስ በርሳቸው ብቻ እንዲጫወቱ አደረገ። ወጣቱ ይድነቃቸው ኳስን የተማሩት እንግዲህ በዚህ ዓይነት ሜዳ ላይ ነው። ኋላ በአፍሪካ ሸንጎ ላይ በዘር መለየትን አጥብቀው የተቃወሙ ሰው መሆናቸው፥ ነገሩን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሳቸው ጉርምስና የሚያውቁት በመሆኑ አያስደንቅም።

ተጫዋችም አደራጅም

ሀገራችን ነፃነቷን በ1933 ዓ.ም. ካገኘች በኋላ ስፖርቱን እንደገና ማቋቋም አስፈላጊ ሆነ። የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1943 ተመሠረተ። በሚቀጥለው ዓመት በተደረገው ውድድር አምስት ቡድኖች ሲገናኙ፥ ከነዚህ መካከል የእንግሊዝ የጦር ልዑካን፥ የኢጣልያኖች፥ የአርመኖችና የግሪኮች ቡድኖች ሲገኙ ኢትዮጵያውያንን ወክሎ የቆመው ቅዱስ ጊዮርጊስ ብቻ ነበር። በገዛ ሀገሩ ዋና ከተማ ከአምስት አንድ ሆኖ መሰለፍ ምን ያህል እልህ እንደሚያስገባ አንባቢ ራሱ ይገምተዋል።

አቶ ይድነቃቸው በዚህ ጊዜ ሁለት ሥራ በአንድ ትከሻ ይሸከሙ ነበር። በሜዳ የቅዱስ ጊዮርጊስ አጥቂ ናቸው፤ ከሜዳ ውጭ ደግሞ የጨዋታውን ሕግ ወደ አማርኛ የሚመልሱ፥ ውድድር የሚያደራጁና ደንብ የሚያወጡ ሹም ናቸው። ለቅዱስ ጊዮርጊስ እስከ እ.ኤ.አ. 1958 ድረስ 23 ዓመት ያህል ተጫውተው በ365 ጨዋታዎች 318 ጐሎችን ማግባታቸው ይነገርላቸዋል። ለብሔራዊ ቡድንም 15 ጊዜ ተሰልፈዋል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1947 ከፈረንሳይ ሶማሊላንድ ጋር ተጋጥማ 5 ለ 0 ካሸነፈችበት ከመጀመሪያው ኢንተርናሲዮናል ጨዋታ ጀምሮ የብሔራዊ ቡድኑ ታሪክና የእርሳቸው ታሪክ ተነጣጥሎ የሚነገር አይደለም።

ከመተማ ማዶ የተጀመረው ነገር

የሳንጃና የመተማ ቆላ ሰው ሱዳንን የሚያውቀው በጉርብትናው ነው። ሰሊጡና ጥጡ፥ ከብቱና ጨርቁ በዚያ ድንበር ሲወጣና ሲገባ ኖሯል። ድንበሩ ግን የሚታወሰው በንግድ ብቻ አይደለም፤ ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁት እዚያው መተማ ላይ ነውና። ያ ሁሉ ካለፈ ከ68 ዓመት በኋላ የሁለቱ ሀገሮች ልጆች በሌላ ዓይነት ሜዳ ተገናኙ። የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም.፥ ሱዳን ነፃነቷን ባገኘች በሁለተኛው ዓመት፥ የግብፅ፥ የሱዳን፥ የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪካ መልእክተኞች በካርቱም ተሰብስበው የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መሠረቱ። ኢትዮጵያን ወክለው በዚያ ከተገኙት አንዱ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ።

በዚያው ሰሞን በካርቱም የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ውድድር እንዲደረግ ተወሰነ። ነገር ግን ደቡብ አፍሪካ ወይ ነጮች ብቻ የሆኑበት፥ ወይም ጥቁሮች ብቻ የሆኑበት ቡድን እንጂ የተደባለቀ ቡድን አልክም በማለቷ ከውድድሩ ወጣች። ስለዚህ ኢትዮጵያ ያለ ጨዋታ ለመጨረሻው ግጥሚያ አለፈች፤ በዚያም ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈቻት። አራቱንም ጐሎች ያገባው አድ ዲባ የሚባለው አንድ ሰው ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1951 ዓ.ም. በካይሮ በተደረገው ሁለተኛው ውድድር ኢትዮጵያ እንደገና በግብፆች 4 ለ 0፥ በሱዳን ደግሞ 1 ለ 0 ተሸነፈች።

እንግዲህ ሒሳቡ ሲደመር እንዲህ ነበር፤ በሦስት ጨዋታ ዘጠኝ ጐል ገብቶብን አንድም አላገባንም። ዋንጫውን ሁለት ጊዜ የወሰዱት ግብፆች በእኛ ላይ ብቻ ስምንት ጐል አስቆጥረዋል። ሦስተኛው ውድድር በአዲስ አበባ እንዲሆን በተወሰነ ጊዜ በአቶ ይድነቃቸውና በልጆቻቸው ላይ የተጫነው ሸክም ይህ ነበር። በውጭ ሀገር መሸነፍ አንድ ነገር ነው፤ ሕዝብና ንጉሠ ነገሥት እያዩ በገዛ ቤት መሸነፍ ግን ሌላ ነው።

ቡድኑና የቡድኑ አሰላለፍ

በ1954 ዓ.ም. ጥር ወር በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም አራት ሀገሮች ተገናኙ። እነዚህም አስተናጋጇ ኢትዮጵያ፥ በዚያን ጊዜ የተባበረችው ዐረብ ሪፑብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ፥ ቱኒዚያና ኡጋንዳ ናቸው። የኢትዮጵያን ቡድን በአሠልጣኝነት የመሩት አቶ ይድነቃቸው ነበሩ።

ቡድኑ የተሰበሰበው ከአንድ መንደር ወይም ከአንድ ክለብ አልነበረም። ከአዲስ አበባው ቅዱስ ጊዮርጊስ መንግሥቱ ወርቁ አለ። ከዚያም ጋር በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ከነበረችው ከኤርትራ የመጡ በርካታ ጨዋቾች አሉ፤ የአሥመራ ሜዳዎች በዚያ ዘመን ጥሩ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ያፈሩ ነበርና። የቡድኑ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎም የአሥመራ ተወላጅ ሲሆን አባቱ ኢጣልያዊ፥ እናቱ ኤርትራዊት ናቸው። ታናሽ ወንድሙ ኢታሎም ከጎኑ ተሰልፏል። ሀገሪቱ ከወረራ ከወጣች ገና 21 ዓመቷ ነው፤ በጦርነቱ ዘመዱን ያላጣ ሰው በተመልካቹ መካከል ጥቂት ነው። እንግዲህ የኢጣልያ ስም የያዘ ልጅ የኢትዮጵያን ባንዲራ ለብሶ፥ አምበል ሆኖ መውጣቱ ቀላል ነገር አልነበረም። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር በአንድ ማልያ አይሰለፍም ብላ ከካርቱም በተመለሰችበት ውድድር፥ ኢትዮጵያ የተደባለቀ ቡድን ይዛ ወጣች።

የመጀመሪያው ፈተና ጥር 6 ቀን ከቱኒዚያ ጋር ነበር። ቱኒዚያዎች ቀድመው ሁለት ጐል አስገቡ። ያለፉትን ሦስት ጨዋታዎች የሚያስታውስ ሁሉ አራተኛውም እንደዚያው ነው ብሎ ሳይሰጋ አልቀረም። ነገር ግን ቡድኑ ልቡ አልወደቀም፤ ተነሥቶ በተራው አራት አከታትሎ 4 ለ 2 አሸነፈ። ግብፆችም ኡጋንዳን 2 ለ 1 አሸንፈው ለመጨረሻው ጨዋታ አለፉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ኢትዮጵያውያኑ ከቱኒዚያ ጋር ከተጫወቱ በኋላ ሰባት ቀን ዕረፍት አግኝተዋል። ግብፆቹ ግን ኡጋንዳን የገጠሙት ጥር 10 ቀን ስለ ሆነ የነበራቸው ሦስት ቀን ብቻ ነው። ከዚህም በላይ አዲስ አበባም ሆነች አሥመራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያሉ ከተሞች ሲሆኑ፥ ካይሮ ከባሕሩ እምብዛም ከፍ የማትል ቆላ ናት። በቀጭን አየር ላይ ያልለመደ ሰው መጀመሪያ ላይ ምንም አይመስለውም፤ ጨዋታው ሲረዝም ግን ሳንባው ይከዳዋል። ስለዚህ ለኢትዮጵያ የሚበጃት ነገር ጨዋታው እንዲረዝም ነበር።

የጥር 13 ቀን ጨዋታ

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. እሑድ ነበር። ጥምቀት ካለፈ ሁለተኛው ቀን፥ ቃና ዘገሊላም በማግሥቱ ነው። ታቦቱን ሸኝቶ የተመለሰው ሕዝብ ወደ ስታዲየሙ ጐረፈ፤ 30,000 ያህል ተመልካች ተገኘ። ንጉሠ ነገሥቱም በቦታቸው ተቀመጡ። ዳኛው ከኡጋንዳ የመጣ ሰው ነበር።

የመጀመሪያው ግማሽ የግብፆች ሆነ። ዋንጫውን ሁለት ጊዜ የያዙ ሰዎች እንደ መሆናቸው ልምዳቸው ይታይ ነበር፤ በ35ኛው ደቂቃም አጥቂያቸው በደዊ ዐብደል ፈታሕ የመጀመሪያውን ጐል አገባ። ኢትዮጵያውያኑ አንድ ለባዶ ተመርተው ለዕረፍት ወጡ።

ሁለተኛው ግማሽ ከተጀመረ በኋላ ሰዓቱ ሮጠ፤ 50ኛው፥ 60ኛው፥ 70ኛው ደቂቃ አለፈ። ጐል ግን የለም። እንዲህ ባለ ጊዜ የብዙ ቡድን ጠባይ የሚታወቅ ነው፤ ተከላካዩ ቦታውን ጥሎ ወደ ፊት ይሮጣል፥ አጥቂው ብቻውን ለማግባት ይጣደፋል፥ መሐሉ ይከፈታል፥ ሁለተኛው ጐልም ይገባል። የኢትዮጵያ ቡድን ግን ሁለተኛ ጐል ሳይቀበል እስከ 74ኛው ደቂቃ ቆየ፤ በዚያን ጊዜ ግርማ ተክሌ የአቻነቱን ጐል አገባ።

ስታዲየሙ ገና ደስታውን ሳይጨርስ፥ ልክ በሚቀጥለው ደቂቃ በደዊ እንደገና አገባና ግብፅ 2 ለ 1 መራች። ከሁሉ የከፋች ደቂቃ ይህች ናት። ለ39 ደቂቃ ያህል የተደከመበት ነገር በአንዲት ደቂቃ ሲፈርስ ጉልበት የሌለውን ብቻ ሳይሆን ጉልበት ያለውንም ታዝላለች። ጐል ያገባ ቡድን ወዲያው ጐል የሚገባበት ልቡ ከሜዳው ወጥቶ ወደ ተመልካቹ ስለሚሄድ ነው፤ ግብፆች ይህን ያውቁ ነበር፥ ስሕተቱንም ሳይውሉ ሳያድሩ ተጠቀሙበት።

የቡድኑ እውነተኛ ፈተናና የአሠልጣኙም ሥራ የታየው እዚህ ላይ ነው። የቀረው 15 ደቂቃ ብቻ ነበር። ልጆቹ ግን ከሰባት ቀን በፊት ከቱኒዚያ ጋር ሁለት ለባዶ ተመርተው የተነሡ ናቸውና መነሣትን ያውቁበታል። በ84ኛው ደቂቃ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ራሱ የአቻነቱን ጐል አገባ። አምበል ማለት ክንዱ ላይ ጨርቅ ያሠረ ማለት አይደለም፤ ሌላው ሲያመነታ እርሱ የሚቀድም ማለት ነው። ሉቺያኖ በዚያች ደቂቃ ያደረገው ይህን ነው። ዘጠናው ደቂቃ በ2 ለ 2 ተፈጸመ።

በዚያ ዘመን በፍጹም ቅጣት ምት መለያየት የሚባለው ደንብ ገና አልወጣም። ስለዚህ ተጨማሪው 30 ደቂቃ ተጀመረ። ከላይ እንዳልነው ለኢትዮጵያ የሚበጃት ረጅም ጨዋታ ነበር፤ እነሆም ጨዋታው ረዘመ። ሦስት ቀን ብቻ ያረፉት የቆላ ልጆች በደጋ አየር ላይ 90 ደቂቃ ከሮጡ በኋላ ተጨማሪ ግማሽ ሰዓት ተጠየቁ። በ101ኛው ደቂቃ የአምበሉ ታናሽ ወንድም ኢታሎ ሦስተኛውን ጐል አገባ። በዚያ ቀን ኢትዮጵያ መሪ ስትሆን ይህ የመጀመሪያዋ ነው፤ ሁለት ጊዜ ተመርታ፥ ሁለት ጊዜ አቻ ሆና በመጨረሻ ቀደመች።

ከዚህ በኋላ የቀረው 19 ደቂቃ ነበር። ከ75ኛው ደቂቃ የተገኘው ትምህርት እዚህ ላይ ጠቀመ፤ ቡድኑ ከኢታሎ ጐል በኋላ ምንም ጐል አልገባበትም። በ117ኛው ደቂቃ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አክሎ ነገሩን ዘጋው። መንግሥቱ በዚህ ውድድር ሦስት ጐል በማግባት ከግብፁ በደዊ ጋር እኩል የውድድሩ ከፍተኛ ጐል አግቢ ሆነ። አራቱ ጐሎች የገቡት በአራት የተለያዩ ሰዎች መሆናቸውንም ልብ ይሏል፤ ግብፅ አንድ በደዊን ጠብቃ ስትጫወት፥ የኢትዮጵያ ተከላካይ የሚያሠጋው አንድን ሰው መያዝ ሲሆን፥ የግብፅ ተከላካይ ግን ማንን መያዝ እንዳለበት አያውቅም ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው የአባቶች ምሳሌ በኳስ ሜዳም እንደሚሠራ ይህ ያሳያል።

ዋንጫውን ሉቺያኖ ቫሳሎ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። በሦስት ጨዋታ አንድም ጐል ያላገባ ቡድን በሁለት ጨዋታ ስምንት ጐል አግብቶ የአፍሪካ ሻምፒዮን ሆነ።

ከዋንጫው በኋላ

ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ድል ላይ ተደግፎ ቀሪ ዘመኑን በክብር ባሳለፈ ነበር። ለአቶ ይድነቃቸው ግን ይህ የሥራው መጀመሪያ ያህል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ምክትል ፕሬዚዳንት፥ በ1972 ፕሬዚዳንት ሆነው እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ 15 ዓመት መሩት። የዓለም አቀፍ ኦሊምፒክ ኮሚቴም አባል ነበሩ።

ሁለት ነገሮች ከሥራቸው ሁሉ ጐልተው ይታያሉ። የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ ጉዳይ ነው። ለ1966ቱ የዓለም ዋንጫ ለአፍሪካ በቀጥታ የሚሰጥ አንድ ቦታ እንኳ አልነበረም፤ የአፍሪካ አሸናፊ ከሌላ ክፍለ ዓለም አሸናፊ ጋር ደግሞ መጋጠም ነበረበት። የጋናው ኦሄኔ ጃንና አቶ ይድነቃቸው ይህን ተቃውመው ተነሡ፤ የአፍሪካ ሀገሮችም ከማጣሪያው ወጡ። ውጤቱም ለ1970ው ውድድር ለአፍሪካ አንድ የተረጋገጠ ቦታ መሰጠቱ ነበር፤ በ1982 ደግሞ ሁለት ሆነ። ዛሬ የአፍሪካ ቡድኖች በዓለም ዋንጫ ብዙ ሆነው ሲሰለፉ የሚያይ ወጣት፥ በሩ በማን ትከሻ እንደ ተከፈተ ማወቅ ይገባዋል።

ሁለተኛው የደቡብ አፍሪካ ጉዳይ ነው። በካርቱም የተጀመረው ክርክር በአንድ ቀን አላለቀም። ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ያቺን ሀገር ወደ ዓለም ሜዳ ለመመለስ የሞከሩ ብዙዎች ነበሩ፤ አቶ ይድነቃቸው ግን ዘርን የሚለይ ሥርዓት ሳይፈርስ መመለስ አይገባም በሚለው አቋማቸው ጸኑ። እ.ኤ.አ. በ1976 የዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽን ደቡብ አፍሪካን አስወጣ። እርሳቸው የዚያን ሥርዓት መፍረስ ለማየት አልታደሉም፤ ደቡብ አፍሪካ ወደ ማኅበሩ የተመለሰችው እ.ኤ.አ. በ1992፥ ካረፉ ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። በ1996ም ነጭና ጥቁር በአንድ ማልያ አሰልፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። ኢትዮጵያ በ1954 ዓ.ም. ያሳየችውን ነገር ደቡብ አፍሪካ ከ34 ዓመት በኋላ አሳየችው ማለት ነው።

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ በ65 ዓመታቸው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. ዐረፉ።

ኢትዮጵያ ከዚያች እሑድ ወዲህ የአፍሪካን ዋንጫ ዳግመኛ አላገኘችም። ከ1982 እስከ 2013 እ.ኤ.አ. ድረስም ለ31 ዓመት ያህል ለውድድሩ እንኳ ሳትደርስ ቀርታለች። ይህን ማንሣታችን ለቁጭት ብቻ አይደለም። በሳንጃም ሆነ በመተማ፥ በጅማም ሆነ በድሬዳዋ፥ ፀሐይ በረድ ሲል ሜዳ ላይ ወጥቶ ኳስ የሚያንከባልል ልጅ አይጠፋም። የ1954ቱ ቡድን ያሸነፈው ከግብፅ ቡድን የበለጠ ልምድ ኖሮት አይደለም፤ ልምዱ ከነርሱ ጋር ነበር። ያሸነፈው ሽንፈቱን ቆጥሮ ያወቀ፥ ልጆቹን ከየትም ይምጡ ሳይለይ የሰበሰበ፥ ሁለት ጊዜ ሲመራም ቦታውን ያልለቀቀ ቡድን ስለ ነበረ ነው። ይህን ያደራጁት ሰው ስም በዋንጫው ላይ አልተጻፈም። ከዋንጫው ጋር ግን ሳይነሣ አይቀርም።